ቤትሽ መጣች

ባለፈው ማክሰኞ የልጄን ባል ሚኪን ንዳድ አንቀጥቅጦ ስለጣለው፣ ሕፃኗን ታቅፌ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ሥራው የእሱ ነው። ልጄ ሕይወት እዚያ ልብስ ትሰፋለች። ሚኪ ደግሞ ይነዳው የነበረውን ባጃጅ ባለንብረቱ ሸጦበት ቤት ከዋለ ወዲህ፣ በምሳ ሰዓት ሕፃኗን ይዞ ሄዶ ያስጠባና ይመልሳል። እኔማ ጉልበቴን ለፋብሪካ ሰጥቼ የተረፈኝ ከአልጋ እስከ በረንዳ የሚያደርስ ብቻ ነው። ቢሆንም ልጅ አይራብም ብዬ፣ በዚያ ድሬዳዋ ራሷ በምትማረርበት ፀሐይ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ቆመዋል፤ አንዱማ አበባ ያለበት የሴት ጃንጥላ ዘርግቷል። ጥበቃዋ ሃያ ዓመት ያልሞላት የምትመስል ልጅ ናት። ወደ ውስጥ ዞር ብላ «ትዕግስት፣ ባለቤትሽ መጥቷል! ሕይወት፣ ልጅሽ መጥታለች!» አለች። እኔ ዞር ዞር ብዬ የሚስቅ ሰው ፈለግሁ። ማንም አልሳቀም። ጃንጥላ የያዘው ልጅ ወደ በሩ ጠጋ አለ፣ ሚስቱ እየሮጠች ወጣች፣ ሕፃኑን ተቀበለችው፤ በቃ። ይኸን ያህል ቀላል ነበር ለካ ብዬ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሕይወት ጥላ ሥር ሆና ልጇን ስታጠባ፣ ከጎኔ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት ትኩር ብላ ታየኝ ጀመር። ጠቆር ያለ ሻርፕ እስከ ግንባሯ አውርዳለች፤ እጇ ላይ የሂና ቀለም አለ።

«አስካለ? የፈትሏ አስካለ አይደለሽም እንዴ አቦ?»

ሐዋ ናት። የመጋላዋ ሐዋ፣ ፈትል ክፍል ስንት ዓመት ጎን ለጎን የቆምን። ተቃቅፈን ተላቀስን፤ በእኛ ዕድሜ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያለቅሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው። የሞቱትን ተጠያየቅን፣ ያሉትንም ቆጠርን፤ ያሉት ቶሎ አለቁ። እሷም ባሏ ካረፈ ጀምሮ ስድስት ነፍስ በዚች የሻይ ማንቆርቆሪያ እንደምታሳድር ነገረችኝ። ከዚያ ድንገት ፊቷ በራ።

«ያ ጎረቤትሽስ? ያ ምሳ የሚያመጣልሽ፣ ባርኔጣ የሚያደርገው። በሕይወት አለ?»

«አለ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ! ወላሂ እንደሱ ያለ ጎረቤት አላየሁም። ያ ባልሽስ? ያ ሰነፉ?»

«እሱም አለ።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አንዱን ሰው ሁለት አድርጌ አኖርኩት። ሐዋም «እንግዲህ እሁድ እመጣለሁ፣ ሁለቱንም አያቸዋለሁ፤ ባልሽንማ ፊት ለፊት ነው የምነግረው» ብላ ቤቴ የት እንደሆነ አስነግራኝ፣ ለሕፃኗ ብላ ሁለት ሳምቡሳ በወረቀት ጠቀለለችልኝ። ሕፃኗ ገና ጥርስ አላበቀለችም። በባጃጅ ስመለስ ሳምቡሳው ዘይቱ በቀሚሴ ላይ እየረጠበ፣ እኔ ግን ያለሁት ከስንት ዓመት በፊት በነበረው በር ላይ ነበር።

መጀመሪያ ሌላ በር ነበር፤ የባቡሩ ወርክሾፕ በር። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ በየነ እዚያ ፉርጎ ይጠግናል። ያኔ ከለገሃር እስከ መጋላ በፈረስ ጋሪ በስሙኒ እንሄድ ነበር፤ ሽልንግ የያዘማ ሰው ጋሪውን ብቻውን ተንሰራፍቶ ይዞት ይሄዳል። የቀን ስድስት ሰዓቱ ፉጨት ሲነፋ የሠራተኛ ሚስቶች ምሳ ዕቃችንን ይዘን ከከዚራ ዛፎች ሥር ተሰልፈን እንቆማለን። ምሳው ሰበብ ነው፤ ነገሩ የልብስ ውድድር ነበር። በባቡሩ የመጣ ስስ ድሪያ የለበሰች አለች፣ አበባ የታተመበት የሐር ሻሽ ያሰረች አለች፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ በሩ ላይ የሚደርስም አለች። ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮው አንዴ የሱማሌ ዘፈን፣ አንዴ የህንድ ፊልም ዘፈን ይለቃል፤ ቋንቋውን አናውቀውም፣ ዜማውን ግን ቤት ገብተን ሰሃን ስናጥብ እናንጎራጉረዋለን። ወንዶቹ በቦላሌ ሱሪያቸው፣ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ግራሶ ሆኖ ይወጣሉ። የእኔ በየነ የባቡር ባርኔጣውን ወደ አንድ ጎን ጋደል አድርጎ ይመጣና «ዛሬ ምንድነው ያቃጠልሽው?» ይለኛል። ደህና ምግብ ሠርቼ እንደማላውቅ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

የዚያ በር ዘበኛ ኦቦ ኡመር ይባላል፤ የቢዮ አዋሌ ሰው ነው። ኦሮምኛውና ሱማሌኛው እንደ ውሃ ይፈስለታል፣ አማርኛን ግን የተማረው እዚያ በር ላይ ቆሞ ስለነበር አማርኛው የበር አማርኛ ነበር። የሚያስፈልጉትን ሦስት አራት አባባሎች ይዟቸዋል፤ ሌላ አይጨምርም፣ ካሉትም አይቀንስም። አንዲት ሚስት ምሳ ይዛ ስትመጣ ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ «በየነ! ቤትህ መጣች!» ብሎ ይጣራል። ቤትህ ማለቱ ሚስትህ ማለቱ ነው። እኔም ያን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጅ ነኝ፣ ቤት መባል የተከበረ ነገር መስሎኝ ነበር። ቤት ማለት ጣሪያውን የሚሸከም መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከዚያ ባቡሩ እየሳሳ ሄደ። በየቀኑ የነበረው በሳምንት ሁለቴ ሆነ፣ ቀጥሎ አንዴ፣ በኋላማ ሲመጣ ልጆች ሊያዩት የሚሮጡለት እንግዳ ሆነ። በየነና ጓደኞቹ «ለጊዜው ቤታችሁ ሁናችሁ ጠብቁ» ተባሉ። ያ ለጊዜው እስከ ዛሬ አላለቀም። መጀመሪያ ሰሞን በየነ ጠዋት ጠዋት የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ይወጣል፤ ለገሃር አጥሩ ሥር ከሌሎቹ ጋር ተቀምጦ ሐዲዱን ሲያይ ይውልና በመውጫ ሰዓቱ ይመለሳል። እኔም እንደደከመው ሰው አድርጌ እቀበለዋለሁ። ሕይወት ገና ጡት እየጠባች ነበር። እንዲህ ሆኖ መኖር እንደማይቻል ሁለታችንም እያወቅን ማን አፍ አውጥቶ ይናገር? በመጨረሻ እኔ አንዲት የማውቃት ሴት ይዛኝ ሄዳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ። በየነ «መቼ ነው የምትጀምሪው?» አለ፤ «ነገ» አልኩ፤ «እሺ፣ ልጅቷን ለኔ ተያት» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ለገሃር መሄዱን ተወ።

ፈትል ክፍል ማለት ጥጥ የሚዘንብበት ቤት ማለት ነው። ብናኙ ቅንድብ ላይ፣ ምላስ ላይ፣ ሳንባ ውስጥ ነው። ማሽኑ እየጮኸ ስምንት ሰዓት እንቆማለን፤ ዛሬ ግማሽ ጆሮዬን የበላው እሱ ነው፣ የሌሊት ሳሌንም የሰጠኝ እሱ። ገና ሳይነጋ ስለምወጣ ምንም ሳልቀምስ ነበር የምቆመው። አንድ ቀን ዓይኔ ጭልም ብሎብኝ ማሽኑን ተደግፌ ተረፍኩ። ማታ ለበየነ «ዛሬ ትንሽ አዞረኝ» አልኩት እንጂ ሌላ አላልኩም።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ከሴቶቹ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጠናል። የፋብሪካው በር ዘበኛ ማን መሰላችሁ? ያው ኦቦ ኡመር ነው፤ ወርክሾፑ ሲቀዘቅዝ እሱም እንጀራውን ተከትሎ ወደኛ በር መጥቷል። አማርኛውንም እንዳለ ይዞት መጥቷል። ድንገት ያ የማውቀው ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«አስካለ! ቤትሽ መጣች!»

ቀና ብል በየነ በሩ ላይ ቆሟል። ያ ረጅም ሰው፣ ያ ፂማም፣ የባቡር ባርኔጣውን አድርጎ፣ በአንድ እጁ ሕይወትን አቅፎ፣ በአንድ እጁ የእኔን ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ኦቦ ኡመር ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ደግ ሰው ነው፣ ያልሰማሁ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፣ «አስካለ! ቤትሽ መጣች እኮ!» ሐዋ ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። ሌላዋ «ቤትሽ ፂም አላት!» አለች። ካቦው ሳይቀር ከቢሮው ብቅ አለና «ባልሽ ነው እንዴ? ወንድ ልጅ ምሳ ማመላለስ ጀመረ?» አለኝ።

እኔም «ኧረ አይደለም» አልኩ። «ጎረቤት ነው። በዚህ ሲያልፍ ልኬበት ነው።»

ይህን ስል በየነ ከኔ አራት እርምጃ አይርቅም። ሰምቷል። ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም፤ ባርኔጣውን ብቻ ነው ያየሁት። እሱም ለካቦው እጅ ነሳና «አዎ፣ ጎረቤቷ ነኝ። ወደ ከዚራ ሳልፍ ነው» አለ። ምሳ ዕቃውን ለኦቦ ኡመር ሰጥቶ፣ ልጄን ይዞ ሄደ። ልጄ ወደ እኔ እጇን ዘርግታ አለቀሰች፤ «የጎረቤት ልጅ» እንዴት ትለምደኛለች ብለው እንዳይጠይቁኝ ፊቴን አዞርኩ። የያዘው ፓስታ በሱጎ ነበር። የባቡር ሰዎች ጅቡቲ ሲያድሩ ለራሳቸው እየቀቀሉ የለመዱት ነው፣ ከእኔ እጅ በስንት እጥፍ ይጣፍጣል። ሴቶቹ እየተሻሙ አብረውኝ በሉ። እኔ እንዴት እንደዋጥኩት አላስታውስም።

ያን ቀን ቤት ስገባ በየነ ምሳ ዕቃውን እያጠበ አገኘሁት። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመኝና «ጨው አልበዛበትም?» አለ። «አልበዛበትም» አልኩ። ስለዚያ ነገር የተነጋገርነው ይኸው ነው። ከእንግዲህ አይመጣም ብዬ ነበር፤ ሰው ነው፣ ወንድ ነው፣ ለዚያውም የባቡር ሰው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት መጣ። ልጅቷን ግን የእውነት ጎረቤታችን ለሆነች ሴት ሰጥቶ ነው የመጣው። ለኦቦ ኡመርም ቀስ ብሎ አስረድቶታል መሰለኝ፣ ያ ሽማግሌ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛውን ቀየረ፤ «አስካለ! ጎረቤት!» አለ። ከዚያ በኋላ ለስንት ዓመት እንደዚያው ነበር። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ በላይ በኩል ዞሮ ይመጣል፤ ፀሐዩ አስፋልት ሲያቀልጥም ይመጣል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ነገሩ ውሎ አደረ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይድፈር። ሴቶቹ ጎረቤቴን ወደዱት። ሐዋ በሩ ድረስ ወጥታ «አንተ ሰውዬ፣ ለእኔም ጎረቤት ሁነኝ አቦ፣ መጋላ ቤት አለኝ» እያለች ታሾፍበታለች። እሱም ይስቃል። ክፉው ነገር ሌላ ነው። ጎረቤቱን ባመሰገኑ ቁጥር ባሌን መርገም ጀመሩ። «ሰው ምሳ ሲያመላልስልሽ ያ ባልሽ ምን ይሠራል? ተኝቶ ጫት ይቅማል?» ይሉኛል። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ምን ላድርግ፣ ዕድሌ ነው» እላለሁ። አንድ ቀን ሐዋ ራሱን በየነን ይዛ «አንተ ጎረቤቱ ነህ፣ ለምን አትመክረውም ያን ሰነፍ?» አለችው። በየነ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «መከርኩት፣ አልሰማ አለ» አላት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ። ከኖርኩት ሁሉ፣ ካፈርኩበትም ሁሉ፣ ያቺ ሳቅ ትበልጥብኛለች።

ሰው ቤቴ እንዳይመጣ ለዓመት በዓል እንኳ ከፋብሪካ አንድም ሰው አልጠራሁም። ጡረታ የወጣሁ ቀን ፋብሪካው ሽኝት አድርጎ፣ ለስላሳና ኬክ ገዝቶ፣ «ከነባለቤትሽ ነይ» ተባልኩ። ጠዋት በየነ ሸሚዙን ሲተኩስ ሳየው አብሮኝ ሊመጣ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ተኩሶ ሲጨርስ ሸሚዙን መልሶ ሰቀለው። «ሂጂ፣ ይረፍድብሻል። ጎረቤት ለሽኝት አይጠራም» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ብቻዬን ሄጄ ኬኬን በላሁ፤ የተሰጠኝን የግድግዳ ሰዓትም ተሸክሜ ተመለስኩ።

አሁን ሰው ሁሉ ዘመኑ ተለወጠ ይለኛል። ተለውጧል፤ ዓይኔ ያየውን አልክድም። ድካሙ ግን ያው ነው። ሕይወት ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ትወድቃለች። ሚኪ ሩዙን ያቀርብላታል፣ ተመስገን የምትልበት አቅም እንኳ የላትም። እሱም ጓደኞቹ ዘንድ ለጫት በርጫ ሲቀመጥ «ሚስቱ የምታበላው» እያሉ እንደሚያሾፉበት አውቃለሁ፤ ከዚያ ሲመለስ ፊቱን አይቼ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጄ ከእኔ ትሻላለች። ባሌ ነው ትላለች። በሩ ላይ፣ ሰው ፊት፣ ድምጿን ሳትቀንስ። እኔ በሰላሳ ዓመት ያላልኩትን እሷ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትለዋለች።

ያን ማክሰኞ ቤት ስደርስ በየነ በረንዳው ላይ ሽርጡን አገልድሞ ሽንኩርት እየላጠ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፣ እግሩ ያብጣል፣ ማብሰሉን ግን ለማንም አይሰጥም። ሕፃኗን አስተኝቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና «ሐዋን አገኘኋት» አልኩት። «የመጋላዋን? ያቺ ምላሰኛዋን?» አለና ሳቀ። «እሁድ ልትመጣ ነው» አልኩት። «ጎረቤቴን ጠየቀችኝ። ባሌንም ጠየቀችኝ። ሁለቱንም አያለሁ ብላለች።»

ሽንኩርቱን መላጥ አላቆመም። ሰው ስለ ገበያ እንደሚጠይቅ ዓይነት «እንግዲያው እኔ ከየት ልምጣ?» አለኝ። «ከውስጥ ነው ከውጭ?»

ቀልዱን ነው ብዬ ቀና ብዬ አየሁት። ቀልዱን አልነበረም። አሁንም፣ በዚህ ዕድሜው፣ እኔ እንዳላፍር የሚያስፈልገኝን ሊያደርግልኝ ተዘጋጅቷል። ሽንኩርቱን አሳብቤ ፊቴን ጠረግሁ፤ እሱም «ዛሬ ሽንኩርቱ ኃይለኛ ነው» ብሎ አለፈልኝ። ረቡዕ አለፈ፣ ሐሙስ አለፈ፣ ዓርብና ቅዳሜም አለፉ። በየቀኑ እነግረዋለሁ ብዬ እነሳና ሳልነግረው እተኛለሁ። ልምዴ ነው።

እሁድ ጠዋት ፓስታውን በሱጎ ሠርቶ ጨረሰ። ከዚያ የባቡር ባርኔጣውን ከሚስማሩ አወረደው፤ ሳይደረግ ስለከረመ አቧራውን በክንዱ ጠረገ። ያንን አሮጌ ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ሞላና «ዳቦ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ እያነከሰ ወጣ። ዳቦ ለመግዛት ምሳ ዕቃ ምን ያደርጋል? ገብቶኛል። ያልመለስኩለትን ጥያቄ ራሱ መልሶታል፤ ከውጭ ብሎ። ልጠራው ተነሳሁ፣ ጉልበቴ እስኪታዘዝልኝ ድረስ በሩ ተዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ሐዋ ጣፋጭ ሙሸበክ በፌስታል ይዛ መጣች። ሻርፗን ሳታወልቅ ቤቱን ዞር ዞር ብላ ቃኘችና «የታለ ያ ሰነፍ ባልሽ? ዛሬ ከእኔ አያመልጥም» አለች። «ተቀመጪ፣ ይመጣል» አልኳት። ሕይወትና ሚኪ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሰነፍ የተባለው እሱ መስሎት ሚኪ ደነገጠ። የግቢው በር ሲጥ አለ። በየነ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። አልገባም። እግሩን ከደፉ ውጭ አድርጎ፣ እንደ ድሮው፣ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚጠብቅ ሰው ሆኖ ቆመ።

«ያ ጎረቤት!» ብላ ሐዋ ብድግ አለች። «ወላሂ እሱ ነው! ባርኔጣው እንኳ ያው ነው!»

«ሐዋ» አልኳት። ድምፄ ከማሽኑ ዘመን ወዲህ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰምተውታል። «ጎረቤት አይደለም። ቤቴ መጣች!»

ሐዋ መጀመሪያ እንደ ድሮዋ ልትስቅ አፏን ከፈተች። ከዚያ እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንባዬን አየች፤ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የኦቦ ኡመርን ጥሪ አስታውሳለች። ፊቷ ላይ ስንቱን ዓመት ወደ ኋላ ስትቆጥር አየኋት።

«ታዲያ» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ «ያ ሁሉ ዘመን ስንረግመው የኖርነው ማንን ነው?»

በየነ ባርኔጣውን አወለቀ። ደፉን ተሻግሮ ገባና ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔን ነዋ» አላት። «ምሳውንም ይዤ የምመጣው እኔ ነበርኩ። በይ ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»